ከጉልበት በላይ

ጥቅምት 6

ለውድ ዋርሳዬ፣ ለትንሿ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ወገቤን ከማለት በቀር ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። ጣሪያው እንደ ድሮው ያፈሳል፣ ባለሱቁም እንደ ድሮው ይዋሻል። ያለፈው ደብዳቤሽ ሲደርስ እንደ ልማዳችን ጎረቤቱ ተሰብስቦ አነበብኩላቸው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ እስከ ኋላ ወንበር የሚሰማ ድምፅ ያተረፍኩት ለዚህ አይደል? በረዶ አንሸራቶሽ የወደቅሽበት ጋ ስደርስ ባለሱቁ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

አሁን ግን የምጽፍልሽ ጭንቅ ይዞኝ ነው። ድንቢጥ እሳት አደጋ ሥልጠና መግባቷን ነግሬሻለሁ። ስትወለድ በአንድ መዳፌ ይዣት "ይቺ ድንቢጥ እንጂ ልጅ ናት?" ያልኳት ልጅ፣ ዛሬ የውሃ ጎማ በትከሻዋ ተሸክማ ፎቅ ትወጣለች። እንዴት እንደምኮራ ምን ልበልሽ! ስትመረጥ ለሰፈሩ ሁሉ እኔ የተመረጥኩ ይመስል ነበር የምናገረው።

ታዲያ ሰሞኑን ታነክሳለች። ምንድን ነው ስላት "ጉልበቴን" አለችኝ። መጀመሪያ አልሰማኋትም፤ ሥልጠና ነው፣ ያልፋል ብዬ ተውኩት። በኋላ ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯን ስትነክስ አየሁና ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ "የት ነው የሚያምሽ?" ሲላት አንገቷን ደፋች። ልጄን ታውቂያታለሽ፣ እሳት ውስጥ ግቢ ቢሏት ትገባለች፣ ለመናገር ግን አፍ የላትም። እኔው "ጉልበቷን ነው ዶክተር" አልኩለት። ራጅ ተነሳች። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አየና "አጥንቷ ምንም አልሆነም" አለን። አሠልጣኛቸው ይህን ሲሰማ "ራጁ ንጹህ ከሆነ በሽታው ስንፍና ነው" አላት። ይኼ ሰውዬ ሲያወራ ስለሚጮህ ልጆቹ ጡሩምባ ይሉታል።

የመጨረሻው ፈተና ጥር ላይ ነው። ጎማ ተሸክሞ መሮጥ፣ ከዚያ መሰላል መውጣት። ያን ቀን ያልሮጠ ይባረራል፣ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም። አንቺ የሰው አጥንት ፎቶ ስታነሺ የምትውዪ ሰው ነሽ። እባክሽ እዚያ ያለውን ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ በሰው እጅ ላኪልኝ። እሱን ውጣ ትሩጥ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለገች ታርፋለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትም እናትም ሆኛለሁ፤ ፀጉር ማበጠር አልቻልኩበትም እንጂ ሌላው አላቃተኝም ነበር። ይኼ ግን አቃተኝ።

ድንቢጥ አጠገቤ ሆና ሰላም ትልሻለች።

የእህትሽ ባል፣ ሾፌሩ

*

ኅዳር 3

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ድንቢጥስ? ባለሱቁስ ስቆ ጨረሰ? ወድቄ የተነሳሁት እኔ፣ ያለቀሰው እሱ! እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው ነው፤ "አይንቀሳቀሱ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አሁን ይተንፍሱ" ስል እውላለሁ። አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ልለው ይቃጣኛል።

ጋሼ፣ ኪኒኑን አልልክም። ቢቆጡም አልልክም። ምክንያቱን እርስዎ በሚያውቁት ልንገርዎት። የአውቶቡስ ባሌስትራ፣ ያ ሸክሙን ሁሉ የሚችለው ብረት፣ በአንድ ጉድጓድ ይሰበራል እንዴ? አይሰበርም። በየቀኑ ከልኩ በላይ እየተጫነ፣ ሳያርፍ ሲመታ ሲመታ፣ አንድ ቀን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ጎንበስ ብለው ቢያዩት ምንም የለው፣ መኪናውም ይሄዳል። ስንጥቁ ግን ሥራውን አላቆመም። የሰው አጥንትም እንደዚያው ነው። ወታደር ላይ፣ ሯጭ ላይ፣ እንደ ድንቢጥ ሸክም ይዞ የሚሮጥ ሰው ላይ ይመጣል። ራጅ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ አያየውም። አጥንቱ ራሱን መጠገን ሲጀምር ነው ጠባሳው ፊልሙ ላይ የሚወጣው። ስለዚህ ሐኪሙ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ግን አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ሕመሙ ፍሬኗ ነው ጋሼ። ፍሬን ነቅለው ቁልቁለት ይለቋታል?

ሩጫው ይቁም። ሁለት ሦስት ሳምንት ትረፍና እንደገና ትነሳ። ፊልሙን ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ይስጡልኝ፤ ከኔ ጋር የምትሠራ ፎቶ የምታነብ ሐኪም አለች፣ ለምኜ አሳያታለሁ። ለጊዜው ቅባት ልኬያለሁ። ፍቅሬን ለመግለጽ ያህል ነው እንጂ አጥንት ድረስ አይገባም፤ ከተረፈዎት ወገብዎን ይሹበት።

ድንቢጥን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ትንሿ

*

ኅዳር 24

ለውድ ዋርሳዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ወገቤ ሌሊት ሌሊት እያስነሳኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ቅባትሽ ደርሶናል፤ ሽታው ቤቱን ፋብሪካ አስመስሎታል።

የባሌስትራው ነገር ገብቶኛል። አንድ ጊዜ ሙሉ ተሳፋሪ ጭኜ ዳገት ላይ ተሰብሮብኝ ያውቃል። ትረፍ ያልሽው ግን በምን አቅም? አራት ቀን ቀረች፣ ጡሩምባ ሰው ልኮ "አንድ ቀን ብትደግም ዕቃዋን ትረከብ" አለን። በአምስተኛው ቀን ሄደች። ቢሆንም ቃልሽን አላፈረስኩም፣ ሁለት ሳምንት ሲሞላት እንደገና አስነሳኋት። ጉልበቷንም፣ ከጉልበቷ በታችም። ሁለቱም ንጹህ! ፊልሞቹን በካርቶን ጠቅልዬ ወደዚያ ለሚበር ሰው ሰጥቻለሁ።

አሁን ምን ልበልሽ። ሦስት ንጹህ ራጅ ይዤ የምታነክስ ልጅ ፊት ቆሜያለሁ። ስትነሳ አያታለሁ። ከወንበር ልትነሳ ስትል ጭኗን በሁለት እጇ ታነሳለች፣ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው። ሱሪዋን ተቀምጣ ካልሆነ መልበስ አልቻለችም። አውቶቡስ ደረጃ ላይ ደህናውን እግር ታስቀድምና ሌላውን ትጎትተዋለች። ልቤ ይቆረጣል። ወዲያው ደግሞ ጡሩምባ ያለው ትዝ ይለኛል፤ እውነት ፈርታ ይሆን? መሰላሉን ፈርታ ይሆን? ትናንት "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ንገሪኝ!" ብዬ ጮህኩባት። "ነገርኩዎ እኮ አባዬ፣ ጉልበቴን ነው" አለችኝ። ጮክ ብዬ መናገሬ ሳይሆን ባለሱቁ መስማቱ ነው ያናደዳት መሰለኝ።

ኪኒኑ ይቅር። አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ካንቺ ሆስፒታል ማህተም ያለበት ወረቀት ላኪልኝ። "አጥንቷ ጤነኛ ነው፣ ጥቂት ቀን ትረፍ" የሚል። ጡሩምባ የውጭ ማህተም ሲያይ ይለሰልስ ይሆናል።

ድንቢጥ ሰላም ብላሻለች። እንዳለች ሁሌ እጽፋለሁ እንጂ ዛሬስ ዝም ነው ያለችው።

ሾፌሩ

*

ታኅሣሥ 10

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደምን አሉ? ወገብዎስ? በየደብዳቤው ወገቤን ይላሉ፤ አንድ ቀን ቢያሳዩት ምን አለ?

ፊልሞቹ ደረሱኝ። ካርቶኑን በፕላስተር የጠቀለሉት አጠቀላለል! በቢላ ታግዬ ነው የከፈትኩት። ለሐኪሟ አሳየኋት። ከፎቶ ላይ ዓይኗን ነቅላ ሰው የማታይ ሴት ናት። ጉልበቱን አገላብጣ አየችና "የሚያምር ጉልበት ነው። የቀረውስ እግሯ?" አለችኝ። የሚያማት ጉልበቷን ነው አልኳት። ከዚያ እርስዎ የጻፉትን፣ ጭኗን በሁለት እጇ እያነሳች መነሳቷን፣ ሱሪዋን ተቀምጣ መልበሷን ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አብረን ስንሠራ ስንት ዓመታችን ነው፣ ዓይኗ ቡናማ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ።

ጋሼ፣ ሕመም ሁልጊዜ ያለበት ቦታ አይጮህም። ላይ ተቀምጦ ታች የሚሰማ አለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እባክዎ ድንቢጥን ከጉልበት በላይ ይጠይቋት። ካልሆነም ለብቻዋ ተቀምጣ በእጇ ትጻፍልኝ፤ የጻፈችውን ሳያዩ ያሽጉልኝ። እኔና እሷ ሴቶች ነን፣ ለኔ አታፍርም።

ማህተሙን ማድረግ አልችልም። ያላነሳሁትን አጥንት ጤነኛ ነው ብዬ አልፈርምም፣ ከሥራ ያባርሩኛል። ማባረሩም ይቅር፣ ውሸት ይሆናል።

እስከዚያ እንዳትሮጥ። እባክዎ ጋሼ።

ትንሿ

*

ታኅሣሥ 20

ለዋርሳዬ፤

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም አይደለሁም።

ደብዳቤሽን እንደ ልማዳችን ቆሜ አነበብኩ። "ለብቻዋ ትጻፍልኝ፣ ሳያዩ ያሽጉልኝ" የምትለው ጋ ስደርስ ባለሱቁ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ዓይኗን ከድንቢጥ ሆድ ላይ አልነቅል አለች። ገባሽ? ምን እንዳደረግሽኝ ገባሽ ወይ? በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። የልጄን እግር አድኚልኝ ብዬ ብለምንሽ ስሟን አጠፋሽብኝ። ከእኔ ከአባቷ የሚታሸግ ነገር ምንድን ነው? እናቷ በሕይወት ሳለች በዚህ ቤት ተሸሽጎ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ከጉልበት በላይ ጠይቃት ብለሻል፤ እዚያው ሰው እንደተሰበሰበ ጠየቅኳት። "ከጉልበትሽ በላይ ያምሻል ወይ?" አልኳት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ከጉልበቷ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ጭኗን ነካ አደረገችና "እዚህ ጋ ትንሽ" አለች። ጭኗን አስነሳኋት። እሱም ንጹህ። ሐኪሙ ሲያየን ፈገግ ማለት ጀምሯል።

ትንሿ፣ ተቆጥቼ ጀመርኩ እንጂ ቁጣ አይደለም ያለኝ። መላ ጠፋኝ። ልጅቷ ኪኒን ከጓደኛዋ እየተቀበለች ትውጣለች፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሲቃዋ ይሰማኛል። ልግባ ብዬ እነሳና ምን ብዬ እገባለሁ ብዬ እቀመጣለሁ። ወገቤም አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል። ፈተናው ጥር 12 ቀን ተቆርጧል።

ልመናዬን ሁሉ ትቻለሁ። ኪኒንም አልል፣ ማህተምም አልል። ይህችን ብቻ ንገሪኝ። ልጄ ውሸታም ናት ወይስ እየተሰበረች ነው?

ሾፌሩ

*

ታኅሣሥ 30

ጋሼ፤

ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ውሸታም አይደለችም። እየተሰበረች ነው።

ትናንት ባለሱቁ ጋ ደውዬ ነበር። እርስዎ የሉም አለኝ። ከጀርባው የሱቁ ሰው ሁሉ ይሰማኛል። "ምን ልበላቸው?" ቢለኝ "አትሩጥ በልልኝ" ከማለት ሌላ አፌ አልፈታ አለ። ስልኩን ዘግቼ በራሴ አፈርኩ። የሰው ገላ ሳይ የምውል ሴት፣ አንድ ቃል መናገር አቃተኝ። ባለፈውም "ከጉልበት በላይ" ብዬ ዙሪያውን ዞርኩ፤ እርስዎም እሷም ዙሪያውን ዞራችሁ። አሁን እጽፈዋለሁ።

ብሽሽቷን ይጠይቋት። ብሽሽቷን ነው የሚያማት ብዬ እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ወረቀቱም አልተቃጠለም።

የጭን አጥንት ዳሌ ውስጥ ከሚገባው አናቱ በታች አንገት አለው፣ ቀጠን ብሎ ወደ ጎን ያዘመመ። የሰውነት ክብደት የሚያልፈው በሱ በኩል ነው። እዚያ ላይ ስንጥቅ ሲወጣ ብሽሽት ያማል፣ ሕመሙም በጭን ወርዶ ጉልበት ድረስ ይሄዳል። ስንጥቁ በላይኛው በኩል ከሆነ ደግሞ ሸክሙ በተጫነ ቁጥር ይከፈታል። አንድ ቀን ሩጫ ላይ ወይም መሰላል ላይ ቋ ይላል። ያን ጊዜ የአጥንቱን አናት የሚመግቡት የደም ሥሮች አብረው ሊበጠሱ ይችላሉ። አናቱ ከሞተ ድንቢጥ በዚህ ዕድሜዋ በአሮጊት ዳሌ ትቀራለች። ሥራው ይቅርና ደረጃ አትወጣም።

ጋሼ፣ ሌላም ልበል። እህቴን ያስታውሷት። "ክንዴን ነው" እያለች ስንት ወር ቆየች? ክንዷን አሸናት። ክንዷን ራጅ አስነሳናት። ክንዷ ንጹህ ነበር። ጡቴን ብሎ ለእርስዎ መናገር አፈረች፤ ለኔም ደብዳቤው በሰው ፊት እንደሚነበብ ስለምታውቅ ሳትጽፍልኝ ቀረች። ሐኪሙ ሲደርስበት ጊዜው አልፎ ነበር። በዚህ ቤት የተሸሸገ ነገር አልነበረም ብለው ጽፈዋል። ነበረ እንጂ! እኛ ቤት በሽታ ወደ ጨዋ ቦታ ይዛወራል። አንዷን በዚህ ቀብረናል። ሁለተኛ አልችልም፣ አልችልም ጋሼ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ እግሯ መሬት እንዳይነካ። ክራንች ያግኙላት፣ ካጡ ይሸከሟት። በአንድ እግርሽ ዝለይ ብሎ የሚፈትናት እንዳይኖር። ዳሌዋን ራጅ ትነሳ። ራጅ አንሺው "እርጉዝ ነሽ ወይ?" ብሎ ይጠይቃታል፤ ጨረሩ ለጽንስ ስለማይሆን ነው፣ እኔም ስጠይቅ ነው የምውለው፤ እንዳይደባደቡ። ያም ንጹህ ነው ከተባለ እንዳያምኑ። ኤምአርአይ ይጠይቁ። እሱ ራጅ ያላየውን ስንጥቅ ያያል፣ አጥንቱ ውስጥ የቋጠረውን እብጠት እንኳ ሳይቀር። ወረፋ ቢሉዎት እንዳይወጡ።

ጮክ ብለው ማንበብ ካቃተዎ ለብቻዎ ያንብቡት። ግን ያንብቡት።

ሰላምታዬ ይኸው፤ እግርዎን እስማለሁ።

ትንሿ

*

ጥር 18

ለእህቴ ለትንሿ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከዛሬ ወዲያ ዋርሳዬ አልልሽም፣ እህቴ ነሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰው በፈተናው ዋዜማ ነው። ጎረቤቱ መጣ። እንደ ልማዴ ቆሜ ጀመርኩ። "ልጅዎ ውሸታም አይደለችም" ያልሽውን ጡሩምባም ይስማ ብዬ ነው የጮህኩት። ቀጥሎ ያለውን ግን ዝቅ አድርጌ አለፍኩት። የስልኩንም ነገር አነበብኩ፣ ባለሱቁ "ያኔውኑ ነግሬዎት ነበር" ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ቃሉ ጋ ደረስኩ። ድምፄ ጠፋ። "ምነው?" ሲለኝ "ሰላምታ ነው፣ የሰላምታ ዝርዝር" አልኩና አጠፍኩት። ድንቢጥ ፊቴን እያየች ነበር። አጎንብሳ ወጣች።

የቀረውን ለብቻዬ ጨረስኩ። የእናቷን ክንድ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያንን ክንድ በእጄ አሽቼዋለሁ እኮ። እሺ፣ ልጠይቃት ብዬ ተነስቼ በሯ ድረስ ሄድኩ። እጄን ላንኳኳ አነሳሁ። እንዴት ብዬ ልጠይቃት? አባት ነኝ። ጠዋት እጠይቃታለሁ ብዬ ተመለስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ካነበብኩ በኋላ እንኳ ተመለስኩ።

ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነው።

አውቶቡስ ያዝኩ። ሾፌሩ በየፌርማታው ሲቆም "ርገጠው! ርገጠው!" ስል ተሳፋሪው የሰከርኩ መሰለው። ሜዳው ጋ ስደርስ ዘበኛው ወረቀት ጠየቀኝ፣ ገፍቼው ገባሁ። ጡሩምባ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከቶታል። ድንቢጥ ጎማውን ተሸክማ መስመሩ ላይ ቆማለች፤ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኖ፣ ገና ሳትሮጥ።

"አቁም!" አልኩ። "ልጄን ብሽሽቷን ነው የሚያማት!"

ሜዳው ሙሉ ሰማኝ። እስከ ኋላ ወንበር የሚሰማ ድምፅ አይደል? አንዳንዱ ሳቀ። ጡሩምባ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ድንቢጥ ጎማውን ጣለች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለችና "አዎ አባዬ" አለች። "አዎ። ከመጀመሪያውም እሱ ነው።" ከዚያ አለቀሰች፣ እንደ ሕፃን። እኔም አለቀስኩ። ወገቤን ረስቼ ተሸክሜያት ወጣሁ።

ሐኪም ቤት ራጅ አንሺው "እርጉዝ ነሽ?" ሲላት ሁለቱንም እጄን ኪሴ ከተትኩ። የዳሌዋ ፊልም ወጣ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ምንም ግልጽ ነገር አይታይም።" አሁንም! ያልሽውን ባልይዝ ኖሮ እውነቴን ነው ተመልሼ ሜዳው ላይ አደርሳት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ "ኤምአርአይ" አልኩ። ወረፋው ረጅም ነው አሉኝ። አልወጣም አልኩ። ስንጨቃጨቅ አንዲት ትልቅ ሐኪም መጥታ ምንድን ነው አለች። ድንቢጥን ጠየቀቻት። ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ ጆሮዬን ግን አልደፈንኩም። ነገረቻት። ሐኪሟ በጀርባዋ አስተኝታ እግሯን በዝግታ ወደ ውስጥ ስታዞረው ድንቢጥ ጮኸች። በዚያው ቀን ማሽኑ ውስጥ ገባች።

ፎቶውን አሳይታኛለች። አጥንቱ ውስጥ ነጭ ጭጋግ አለ። ጭጋጉ መሐል ጥቁር መስመር። አንቺ እንደፈራሽው በላይኛው በኩል ጀምሮ ከግማሽ አልፏል። "ያን ጠዋት ሮጣ ቢሆን?" አልኳት። ሐኪሟ ፎቶውን አወረደች።

ሦስት ብሎን ገብቶላታል። አጥንቱ ይያዝ አይያዝ፣ አናቱ ይትረፍ አይትረፍ ገና አይታወቅም፤ በሚቀጥሉት ወራት ፎቶ ነው የሚታየው። ጡሩምባ ስሟን ሰርዟል። ቤታችን ፎቶ ይጠብቃል፣ ሌላ ሥራ የለንም። ጸልዪልን።

ወንድምሽ ሾፌሩ

*

መጋቢት 22

ለአክስቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ይህን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባዬ አላዩትም። "ሳላይ ላሽግልሽ?" ብለው ራሳቸው ፖስታውን አመጡልኝ።

ያመኝ የነበረው ብሽሽቴን ነው። ይኸው፣ እኔም ጻፍኩት። ለምን ቶሎ አልተናገርሽም ትይኝ ይሆናል። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ ቀድመው "ጉልበቷን" አሉ። ጉልበቴንም እኮ ያመኝ ነበር። ጉልበቴ ብቻ ቢሆንልኝ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ወዲያ አንዴ ጉልበት ያልኩትን እንዴት ብዬ ላንሳው? ራጁ በወጣ ቁጥር ውሸታም እየሆንኩ ሄድኩ። በመጨረሻ እኔም ራሴን ማመን ተውኩ።

ትናንት ፎቶ ተነሳሁ። መስመሩ እየደበዘዘ ነው አለችን፣ አናቱም እስካሁን በሕይወት አለ። "እስካሁን" የምትለዋን ሁለቴ ነው ያለችው። ክራንቹን ገና አልጥልም። ወደ ሥልጠናው ግን አልመለስም፤ መሰላል የሚባል ነገር ተረሳ። የእሳት አደጋውን መኪና ድምፅ ስሰማ አሁንም እነሳለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ይኼን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። ሰፈሩ ሁሉ ተርፋለች ብሎ ስለሚደሰትልኝ ማልቀስ ነውር መሰለኝ።

አክስቴ፣ ዋናውን ነገር ወደ ኋላ አዘገየሁት። በዚህስ የአባቴ ልጅ መሆኔ ያስታውቃል።

አባዬ ከተሸከሙኝ ቀን ወዲህ ወገባቸው ብሶባቸዋል። እኔ ከብጃቸው መስሎኝ ነበር። ግን ከዚያ በፊትም፣ ገና ጥቅምት ላይ ለአንቺ ሲጽፉ ጀምሮ ወገቤን ነው የሚሉት። ዛሬ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ተደግፈው ሲወጡ አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ምን ሆኑ አባዬ?" ስላቸው "ወገቤን ነው ልጄ፣ ወገቤን" አሉ። እንደ ድሮው ዝም ልል ነበር። ከዚያ አንቺ "ሕመም ሁልጊዜ ያለበት ቦታ አይጮህም" ብለሽ የጻፍሽው ትዝ አለኝ።

"ከወገብዎ በታችስ?" አልኳቸው።

ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ፣ የታሰረውን ጫማ። ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አልተነሳሁም። በመጨረሻ ነገሩኝ። ሽንታቸውን ነው። ደምም አለው አሉኝ፣ ያለፈው ክረምት ዝናብ ሳያቆም ጀምሮ። ያ ሜዳ ሙሉ የሰማው ድምፅ የት እንደገባ፣ ጆሮዬን አፋቸው ላይ አድርጌ ነው የሰማኋቸው። "ላንቺ ሴት ልጄ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?" አሉኝ።

ነገ እዚያው ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ እኔ በክራንች፣ እሳቸው ግድግዳ ይዘው። አብሬያቸው እገባለሁ። "የት ነው የሚያምዎት?" ሲሏቸው አንገታቸውን ከደፉ ቦታውን እኔ እናገራለሁ።

ድንቢጥ